በቀን ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር

«ሃያ ሁለት!» አለ ኤርቬ፤ ቀዩን እስክሪብቶ ካርታው ላይ ወርውሮ ከት ብሎ ሳቀ። «በቀን ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር! ይሄንን እኮ እኔ ቁርሴን ሳልበላ ነው የምጨርሰው።»

«እናውቃለን አባዬ፤ መንደሩ በሙሉ ያውቃል» አለች ኦርያን።

የምሳው ሳህን ገና አልተነሳም። የተረፈው አይብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተገፍቶ ካርታው መሃል ላይ ተዘርግቷል። አራት ወር የለፋችበት እቅድ ነው። በነሐሴ ከጓደኛዋ ከሲዶኒ ጋር፣ ሰባት ቀን ሙሉ ጀልባ በሚሄድበት ካናል ዳር ብስክሌት እየነዱ፣ ደስ ያላቸው ቦታ እየቆሙ፣ ማታ ድንኳን እየተከሉ፣ ያለ አዋቂ! አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ያለ አዋቂ አንድ ሌሊት እንኳን ከቤት ወጥታ አድራ አታውቅም። የየመንደሩ ማዘጋጃ ቤት የድንኳን ሰፈር ደግሞ ወላጅ የፈረመበት ደብዳቤ ካላየ ልጅ አያሳድርም። የሲዶኒ እናት ከፈረመች ሳምንት አልፏታል። የቀረው ኤርቬ ነው።

ውሉ የተገባው መጋቢት ላይ ነበር። «ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ራስሽ አቅጂ፤ አንድ ቀዳዳ ካላገኘሁበት እፈርማለሁ» አላት። እናቷ ይህን ስትሰማ «የሁለታችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔን አታስገቡኝ» ብላ ከነገሩ ወጣች። ዛሬም እንደ ሌላው ቅዳሜ ሁሉ መድኃኒት ቤት ስራ ላይ ናት። ኤርቬ የብስክሌት ክለቡ ሊቀመንበር ነው፤ ቃሉን አጠፈ ተብሎ ታምቶ አያውቅም። ቀዳዳ መፈለግ ሲጀምር ግን አያድርስ ነው።

«ሰኞ» አለ፤ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ገፋ አድርጎ። «ሰኞ አስራ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ። ምነው፣ አሟችሁ ነው?»

«ሰኞ ሞንሮ መንደር ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው። ከሱ በፊት ያለው የሳን-ቬራን ግን ክፍት ነው፤ የሱ ዝግ ቀን ረቡዕ ነው። ሁለቱ ተነጋግረው ነው የሚዘጉት፤ አገሩ በሙሉ ዳቦ አጥቶ እንዳይውል። ስለዚህ ሰኞ ሳን-ቬራን እናድራለን። አስራ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ አለቀ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ደወልኩላቸዋ። አስራ አንድ ዳቦ ቤት ደወልኩ። እንደውም አንዷ ሴትዮ ‹ስትደርሱ ጥሩኝ፤ ሁለት ክሯሳን ደብቄ አቆይላችኋለሁ› ብላኛለች።»

እቅዱ እንዲህ ነበር የተሰራው። የየቀኑን መንገድ የቆረጡት ዳቦ ጋጋሪዎቹ ናቸው፤ ማን መቼ እንደሚያርፍ። የማርያም ዕርገት በዓል አርብ ስለሚውል ሁሉም እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንደሚሸጡ ተጽፏል። ጀልባ ለማሳለፍ የካናሉን የውሃ በሮች የሚከፍቱት ሰዎች ለምሳ ሲሄዱ ጀልባዎቹ ተደርድረው እንደሚጠብቁ፣ ያኔ ሳሩ ላይ ተጋድሞ ከጀልባ ሰዎች ጋር ወሬ መጠረቅ እንደሚቻልም ተጽፏል። የትኛው መንደር የውሃ ቧንቧ እንዳለው፣ የትኛው ዛፍ ስር ጥላ እንደማይጠፋ፣ ሁሉም በእርሳስ ተጽፏል።

ኤርቬ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳና በእርሳሱ ላይ መስመር ለቀቀበት።

«አሁን ተመልከቺ። ብስክሌት ማለት እንዲህ ነው። በቀን ሰማንያ። ሰኞ ጠዋት ኮረብታውን በዚህ ወጥታችሁ፣ በዚህ ወርዳችሁ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ሞንሮ!»

«ሞንሮ ምን ይበላል?»

ኤርቬ ሞንሮን በቀይ ከበበው።

«ሰኞ ነው እኮ። ዳቦ ቤቱ ዝግ፣ ካፌው ዝግ፣ ግሮሰሪው እስከ ዘጠኝ ተኩል ዝግ። አባዬ፣ ሞንሮን ስንት ጊዜ አልፈህበታል?»

«ኧረ መቶ ጊዜ!»

«ስንት ጊዜ ቆመህበታል?»

ኤርቬ ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሞንሮ ላይ እግሩ መሬት ነክቶ አያውቅም፤ ከጀርባ ኪሱ የሚመጠጥ ጣፋጭ እያወጣ ውልብ ብሎ ነው የሚያልፈው። የክለቡ ሰዎች በሽታ ነው ይሄ። የእያንዳንዱን ዳገት ቁመት በሜትር ይነግሩሃል፤ ዳገቱ ላይ ማን እንደሚኖር ብትጠይቃቸው አፋቸው ይያዛል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «እቅዱ ቀዳዳ የለውም።»

ወረቀት ሳብ አድርጎ ጻፈ፤ ፈረመበት። ኦርያን ልቧ ዘለለ። ተቀብላ ማንበብ ጀመረች፤ «ልጄ ኦርያን ከክሌማንስ ጋር...»

«ክሌማንስ?»

«የክለባችን ልጅ፤ ጎበዝ ናት። ከሷ ጋር እንደፈለግሽ ንጂ፤ ከፈለግሽ በቀን ሁለት ኪሎ ሜትር! አልጨቀጭቅሽም። ሲዶኒ ግን...» እጁን አወዛወዘ። «እውነቱን እንነጋገር ልጄ። ያቺ ልጅ አትችልም። በሁለተኛው ቀን መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ስታለቅስ በመኪና የምመጣው እኔው ነኝ።»

የኦርያን ፊት ጋለ።

ሚያዝያ ላይ ሲዶኒን ለምና ወደ ክለቡ የእሁድ ጉዞ ያመጣቻት ራሷ ናት። ሲዶኒ ወፈር ያለች ናት። ብስክሌቷም የአክስቷ የነበረ፣ ፊቱ ላይ ቅርጫት ያለው ከባድ ብረት ነው። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ቀረች። ሁሉም አናቱ ላይ ቆመው ሲጠብቋት ኤርቬ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለዚች ልጅ ሞተር እንግዛላት መሰለኝ!» አለ። ሃያ ሰው ሳቀ። ኦርያንም ሳቀች። አዎ፣ ሳቀች፤ ያውም ጮክ ብላ፣ ከሌሎቹ የተለየች ላለመምሰል። ሲዶኒ እየደረሰች ነበር። ከዚያ ወዲህ ክለቡ ጋ ዝር አላለችም፤ ስለዚያ ቀንም አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አሁን ፊርማው እጇ ላይ ነው። ሰባት ቀን፣ ካናሉ፣ ድንኳኑ። ክሌማንስም ክፉ ልጅ አይደለችም። «አመሰግናለሁ» ብትል ነገሩ ያልቃል።

ለሁለት ቀደደችው። ደርባ ደግሞ ለአራት።

«አበድሽ እንዴ?!»

«አላበድኩም። ውላችን ስለ እቅዱ ነበር። ቀዳዳ ፈለግህ፣ አጣህ። አሁን ደግሞ ጓደኛ ትቀይርልኛለህ?»

«ላንቺው ብዬ እኮ ነው!»

«ለኔ ብለህ አይደለም! ዳገቱ ላይ በሰው ፊት አዋረድካት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። አንተን ምንም አይልህም?»

«ቀልድ ነበር» አለ ኤርቬ ቀስ ብሎ።

«እሷ ታዲያ ለምን አልሳቀችም?»

መልሱን አልጠበቀችም። ካርታዋን ጠቅልላ በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች።

ሲዶኒ ጓሯቸው ውስጥ ብስክሌቷን ገልብጣ ሰንሰለቱን ዘይት እየቀባች ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል።

«ፈረመ?»

«ፈረመ። ቀደድኩት።»

«እንዴ! ምን ነካሽ አንቺ?»

«የክሌማንስን ስም ጽፎበት ነበር።» ኦርያን ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። «ሌላም ነገር አለ። ያን እሁድ፣ ዳገቱ ላይ...»

«ሳቅሽ» አለች ሲዶኒ፤ ከሰንሰለቱ ቀና ሳትል። «አውቃለሁ። ያንቺ ሳቅ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ራስሽ እስክትነግሪኝ ነዋ! ሶስት ወር ሙሉ! እኔ ቀርፋፋ እባላለሁ ደግሞ።» የዘይቱን ጨርቅ ደረቷ ላይ ወረወረችባት። «በጣም ነው የከፋኝ፤ ሁለት እሁድ አልቅሻለሁ። አሁንም አልለቀቀኝም፤ ስለነገርሽኝ ያለቀ እንዳይመስልሽ።»

«ይቅርታ ሲዶ።»

«እሺ። በይ ካርታውን አምጪው።»

ሳሩ ላይ ዘረጉት። ሲዶኒ ቀዩን መስመር አይታ «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ ደም ነው?» አለች፤ ከዚያ በጥቁር ጣቷ እርሳሱን እየተከተለች ረቡዕ ላይ ቆመች። «ሃያ ስምንት? በፍጹም። ሃያ አንድ። እዚህ ጋ እንቆምና እዋኛለሁ፤ ማንም አያጣድፈኝም። አንቺም ብትሆኚ!»

«እዚያ እኮ ዳቦ ቤት የለም።»

«ማክሰኞ ሁለት ገዝተን እናሳድራለን። የደረቀ ዳቦ ማንን ገድሎ ያውቃል!»

ኦርያን ላጲስ አውጥታ ሃያ ስምንቱን አጠፋች።

ቤት ስትመለስ አባቷ ሳሎን ጋዜጣ ገልጦ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አያትና ወደ ንባቡ ተመለሰ። እሷም በአጠገቡ አልፋ ክፍሏ ገባች። ደብዳቤውን በራሷ እጅ እንደ አዲስ ጻፈች፤ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ። «ልጄ ኦርያን ከጓደኛዋ ከሲዶኒ ጋር...» ከስሩ ለፊርማ መስመር አሰመረች።

ነገ እሁድ ነው። ክለቡ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሊቀመንበሩም አርፍዶ አያውቅም። ጋራዡ ገብታ ወረቀቱን የአባቷ ብስክሌት መቀመጫ ላይ በፕላስተር አራቱንም ጥግ ለጠፈችው። ወይ ያነሳዋል፣ ወይ ይቀመጥበታል።

ከዚያ ክፍሏ ተመለሰችና ሌላ ንጹህ ወረቀት አውጥታ ሁለተኛውን መጻፍ ጀመረች፤ ያንን ቢቀድደው።