ውድ ሚስ የምሥራች

«ልጄ ራሷን አላጠፋችም! ድረሺልኝ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በስልክ።

ተብለጽ ኣውኣሎም ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ነበር የሰማቻቸው። አስመራ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት ወንጀል መርምራለች፤ ዛሬ ለአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ አጭበርባሪዎችን ታድናለች። እናት ሁሉ እንዲህ እንደሚል ታውቃለች። ቢሆንም ሄደች።

አውሮራ ከተማ ያለው የሟች አፓርታማ በለቀስተኛ ተጨናንቋል። የምሥራች ውድነህ፣ የሠላሳ ሦስት ዓመቷ አስታማሚ፣ ከትናንት በስቲያ አልጋዋ ላይ ሞታ ነው የተገኘችው። አጠገቧ የአቮካዶ ጭማቂ የተጠጣበት ብርጭቆ፤ ብርጭቆው ውስጥ የእንቅልፍ ኪኒን ዱቄት፤ ትራሷ ላይ አንድ ደብዳቤ። የመጣው ፖሊስ ደብዳቤውን አንብቦ ራሷን አጥፍታለች አለ። ያ ማለት ፍትሐት የለም ማለት ነው። ቀብሩ ነገ ነው፤ ቄሱ አባ መልከጼዴቅም ቁርጡን ተናግረዋል። «ራሷን አጥፍታ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ? እጄ የታሰረ ነው።»

ተብለጽ የደብዳቤውን ቅጂ አነበበች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የፈረመበት የኒውዮርክ ኤጀንት ነኝ ይላል፤ የደራሲን ሥራ ለአሳታሚ የሚያቀርብ ሰው መሆኑ ነው።

«ውድ ሚስ የምሥራች፣ አንዲት መስመር አሳትመሽ የማታውቂ የሽማግሌ ሽንት ጠራጊ ነሽ። የልቦለድሽ ሴትዮ መጨረሻ ላይ ወንዙን ስትሻገር በሳቅ ፈነዳሁ። ሁለተኛ አትጻፊ።»

አይ ጭካኔ! ግን ሊሞት የቆረጠ ሰው ኪኒኑን ይውጣል እንጂ ለራሱ ፈጭቶ በጭማቂ ያጣፍጣል? ተብለጽ ነገሩ ሸተታት።

ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን የምትሠራው እድላዊት የሟች የቤት ተጋሪ ናት።

«በእንግሊዝኛ የጻፈችውን መጽሐፍ አንብበሽዋል?» አለቻት ተብለጽ።

«ምን አነባለሁ! ላንብብልሽ ስትለኝ ከሥራ ደክሞኝ ስለምገባ እንቅልፌ ይመጣል። አንድ ገጽ አልሰማሁላትም። አሁን እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

የቀድሞ እጮኛዋ ኪሩቤል እዚሁ አውሮራ ተወልዶ ያደገ ነው። «ሙሉውን ሁለቴ አንብቤዋለሁ፣ ሚስ ኣውኣሎም። ኢት ዋዝ ጉድ። ሪሊ ጉድ» አለና አለቀሰ።

የሟች ጓደኛ ሊዑል አላለቀሰም። በሃያ ስምንት ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ በድርሰት ማስተርሱን የያዘ፣ ሁለት አጭር ልቦለድ ያሳተመ ኩሩ ሰው ነው።

«ሚስ ተብለጽ፣ እኔ መክሬያት ነበር። ክሬደንሻል የሌለውን፣ ዲግሪም የታተመ ሥራም የሌለውን ሰው ኤጀንት ዞሮ አያየውም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያረምኩላት እኔ ነኝ። ምስኪን!»

ተብለጽ እናትየውን አስፈቅዳ የሟችን ላፕቶፕ ከፈተች። ከዚያ አንድ መርማሪ ፖሊስ ጠርታ አብራው ኒውዮርክ ደወለች። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ መርማሪው በሩን ይዞ ቆመ።

«የምሥራች ለአርባ አንድ ኤጀንት ጽፋለች። ሃያ ስድስቱ በኢሜይል መልሰውላታል። ይኼ ደብዳቤ ግን ኢሜይሏ ውስጥ የለም» አለች ተብለጽ። «ደግሞ የላከችላቸው የመጀመሪያውን አሥር ገጽ ብቻ ነው። ታዲያ መጨረሻ ላይ ያለውን ወንዝ ኤጀንቱ የት አየው? ደብዳቤውን የጻፈው ሙሉውን ያነበበ ሰው ነው። ኪሩቤል ወይም ሊዑል።»

«ኖ፣ ኖ!» ኪሩቤል ብድግ አለ።

«ተቀመጥ። አንተ ጠዋት ሚስ ኣውኣሎም አልከኝ፣ በአባቴ ስም። የዚህ አገር ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው። ሃያ ስድስቱም ኢሜይል ‹ውድ ሚስ ውድነህ› ነው የሚለው። ማዕረግ በራስ ስም ላይ የምናስቀድም እኛ አገር ቤት ያደግነው ነን። ‹ውድ ሚስ የምሥራች› ብሎ የጻፈው እንግሊዝኛው ቢሳካለትም ልማዱ አልለቀቀውም። እኔንም ሚስ ተብለጽ ብሎኛል።»

ሊዑል ወደ በሩ አየ።

«ምን አድርጋው ይገድላታል?» አሉ አባ መልከጼዴቅ።

«ባለፈው ሳምንት ኤጀንት አገኘሁ ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጥፏል። ኤጀንቷ ጋ ደውለን ስለ መጽሐፉ ጠየቅናት፤ የየምሥራች መጽሐፍ ነው። ያቺው ኤጀንት የምሥራችን ‹የጽሑፍ ልምድ የለሽም› ብላ በሁለት መስመር መልሳታለች። ገጹ ያው ነው፤ የተለወጠው የደራሲው ስም ብቻ ነው። የምሥራች ስትደርስበት ኪኒን የተፈጨበት ጭማቂ ይዞላት መጣ፤ ደብዳቤውንም ትራሷ ላይ ትቶ ሄደ።»

«በእሷ ስም ማን ያነበው ነበር?» ብሎ ሊዑል ጮኸ። «ንገሩኝ እስቲ፣ ማን?»

መርማሪው ካቴናውን አወጣ። አባ መልከጼዴቅ አማተቡ። «ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተነሥተው ሊዑል ፊት ቆሙ። «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ያነበብከው አንተ ነህ። ስለ እኔ የጻፈችው ነገር አለ?»

«ነበር። አንድ ሙሉ ምዕራፍ» አለ ሊዑል። «ኤጀንቷ እናትየዋ ታሰለቻለች ስትለኝ አወጣሁት።»

እድላዊት አሮጊቷን ልትደግፍ ብትነሣ በእጃቸው ከለከሏት፤ ቀስ ብለው ወደ ቄሱ ዞሩ።

«አባ» አሉ፣ «ነገ ስሟን ጮክ ብለው ይጥሩልኝ።»