ሚጣ አፏን ስትፈታ

ስለ ሕፃናት የቋንቋ እድገት የሚሰጠው ትምህርት ተማሪውን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለሁለት ከፈለው። ካፍቴሪያ ውስጥ ወሬው ሁሉ እሱ ነበር። አፈኛው የሚሉት ልጅ፣ ሕፃን አፉን ሲፈታ ለማየት ዩኒቨርሲቲ መግባት ምን ያስፈልጋል፣ ጎረቤት ይበቃል እያለ ጠረጴዛውን ያስቃል። መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምረው ሴት ደግሞ ይህንን ቀድሜ ተምሬው ቢሆን ስንቱን ልጅ በከንቱ ባልተቆጣሁ ነበር ብላ ትሟገተዋለች። ውጤት ይገኝበታል ተብለው የተመዘገቡ ነበሩ። መምህሯ እንደ ሕፃን ሲኮላተፉ ለመስማት ብቻ የሚመጡም አልጠፉም።

አንዷ ግን አስተያየት አልነበራትም። ጭምቷ ነው የሚሏት። ሲጠይቋት «ደህና ነው» ትልና ሻይዋን ታማስላለች።

እውነቱን ትናገር ቢባል ትምህርቱ ያስፈራት ነበር። አስፈራኝ ማለት ደግሞ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይጎትታል። የጥያቄው መልስ ቤቷ ውስጥ በሁለት እግሩ ይሮጣል፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አፉንም እየፈታ ነው።

መልሱ ሚጣ ናት። ሰፈሩ ሁሉ የጭምቷ ታናሽ እህት፣ የልብስ ሰፊዋ የመጨረሻ ልጅ አድርጎ ያውቃታል። የወለደቻት ግን ጭምቷ ናት። ነገሩን የሰማ ዕለት ያስረገዛት ሰውዬ ስልኩን ዘግቶ ከተማውን ለቀቀ። እናቷ አልመታቻትም፣ አልረገመቻትም። ሕፃኗን ከእቅፏ ተቀብላ «ይቺ የእኔ ናት፤ አንቺ ተማሪ ነሽ» አለች፤ በዚያው አለቀ። ሰፈር ቀየሩ። እናቷ ለአዲሶቹ ጎረቤቶች የሟች ባሏን መሞቻ ቀን እንኳ፣ ሚጣ የእሱ ልጅ እንድትመስል፣ ወደዚህ ገፋ አድርጋ ነው የነገረቻቸው። ስለዚህ ሚጣ አያቷን «እማ»፣ እናቷን «እቴቴ» እያለች አደገች።

ታዲያ መምህሯ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ ልጅ የምንለውን ብቻ አይደለም የሚለቅመው፤ ስንናገር ወዴት እንደምናይ፣ ድምፃችን የት ላይ እንደሚሰበር ሁሉ ይለቅማል ባሉ ቁጥር ጭምቷን ላብ ያጠምቃታል። ሚጣ አንድ ቀን አፏን ከፍታ የለቀመችውን ሁሉ ብታፈሰውስ?

ፍርሃቷ ላይ ሌላ ፍርሃት የጨመረው ልጅ ሦስት ወንበር አለፍ ብሎ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ያቀናብራል። ሰው ሲያወራው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የዓለም ነገር ሁሉ ተረስቶት ነው የሚያዳምጠው፤ በዚህ የተነሳ ጆሮ የሚል ስም ወጣለት። ጭምቷ ያን አንገት ትወደዋለች። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተገጣጥመው ስለ ዝናቡ ያለችውን አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲያ ዘንበል ብሎ ሲሰማላት፣ ማታውን ስታስበው አመሸች። እንዲህ የሚሰማ ሰው ዘንድ ግን ምንም ነገር አይደበቅም። ስለዚህ በሩቁ ታየዋለች፤ ዞር ሲል ዓይኗን ትሰብራለች።

መምህሯ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ አንድ ልጅ ቤቱ ሄዳችሁ ንግግሩን ቅረጹ ሲሉ፣ ከሰው ሁሉ እሱን ከእሷ ጋር መደቡት። እሱ በኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖር ነው፤ ልጅ ከየት ያመጣል? ይህን ጊዜ አፈኛው ከኋላ ሆኖ ጭምቷ የምታምር ትንሽ እህት እንዳለቻት አወጀ። እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት መምህሯ ስማቸውን መዝግበው ነበር።

እናቷ ይህን ስትሰማ የስፌት መኪናውን አቆመች።

«ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል አልሰማሽም? አንቺ ጭራሽ ጆሮን ራሱን ከነመቅረጫው ልታመጪልኝ ነው?»

እምቢ ማለትም ወሬ ነው ተባብለው በመጨረሻ ተስማሙ። እናቷ ከመኪናዋ ላትነሳ፣ ጭምቷም ሚጣን አብዝታ ላታቅፍ።

ጆሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረ። ጫማውን በር ላይ ያወልቅና ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ሚጣ የልብስ ቁልፍ የሞላበትን ቆርቆሮዋን ታመጣና ነጩን፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን እያወጣች ጉልበቱ ላይ ትደረድርለታለች። «በይ እንዲህ በይ» ብሎ አይጨቀጭቃትም። ይጠብቃታል። «ውሃ በላሁ» ስትለው «ጣፈጠሽ?» ይላታል፤ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። ለስፌት መኪናው ድድድ የሚል ስም አውጥታለታለች፤ ጎረቤት ሞተር ብስክሌት ሲያስነሳም ድድድ ነው። የጭምቷ እናት እንኳ አንድ ቀን ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ከንፈሯን ነክሳ አቀረቀረች።

ጭምቷ በየቅዳሜው በደስታና በሽብር መካከል ትቀመጣለች። ሚጣ «እቴቴ» ባለች ቁጥር ልቧ ድው ይላል፤ ቀጥላ ምን ልትል ነው? ሲሄድ እስከ ጎዳናው ትሸኘዋለች፤ ሁለቱም የሚያወሩት ጠፍቷቸው ቀስ ብለው ይራመዳሉ። አንዴ እጁ እጇን ነካ። ሁለቱም ይቅርታ አልጠየቁም።

ከዚያ የካውያው ቅዳሜ መጣ። እናቷ ደንበኛ ተቀብላ በር ላይ ቆማ ስለ እጅጌ ርዝመት ትነጋገራለች። የጋለው ካውያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሚጣ ከጠረጴዛው ሥር የተንጠለጠለውን ገመድ አየችና በሁለት እጇ ሳበችው።

«ልጄን!»

ጭምቷ ከወንበሯ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ካውያውን በክንዷ መለሰችው፤ ሚጣን በሌላው እጇ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። የቆዳዋ መቃጠል የተሰማት ዘግይቶ ነው።

ልጄ የሚለውን ቃል ማንም ለማንም ይለዋል። ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ ይለዋል፤ ባለሱቅም ለገዢው ይለዋል። እንዲህ አድርጎ የሚለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እናቷ በሩ ላይ አመድ መስላ ቆማለች። ጆሮ አንገቱን ዘንበል አድርጓል። ከዚያ መቅረጫውን አጠፋ፤ ተነስቶ ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን አመጣና ክንዷን ቀስ አድርጎ ነከረላት።

እሱ ከወጣ በኋላ እናቷ ያ ልጅ ሁለተኛ ይህን ቤት አይረግጥም አለች።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ነገሩ ባሰ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎች ትምህርቱን ሊያስቀሩት አስበዋል፤ ስለዚህ የተማሪውን አስተያየት በጆሯቸው ሊሰሙ ሁለት ሆነው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ጥንድ ከቀረጸው ጥቂት ያሰማል፣ ከዚያ ስለ ትምህርቱ ያለውን ይናገራል ተባለ። ጭምቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ተቀመጠች። ካውያው መቅረጫው ውስጥ አለ። ጩኸቷም አለ።

አፈኛው የአጎቱን ልጅ አሰምቶ፣ አንድም የሚሠራ ነገር አልተማርኩም፣ ግን እንደዚህ ስቄ የተማርኩት ትምህርት የለም አለ። መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምረው ሴት ልመና በሚመስል ድምፅ እንዳታስቀሩት አለች። አንዱ ንባቡ በዛ፣ ፈተናው ከተማርነው ጋር አይገናኝም ብሎ አማረረ። አንዷ ደግሞ እናቴን ስንት ነገር አስተምራኝ ኖሯል ብዬ ደውዬ አመሰገንኳት ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ጆሮ ወጣ። ጣቱን መቅረጫው ላይ አሳረፈ። «ውሃ በላሁ» አለች ሚጣ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቁልፎቹ ተንኮሻኮሹ። ድድድ አለ። ከዚያ ጸጥ። ሌላ ምንም አልመጣም።

«መስማት ሥራዬ ነው» አለ ጆሮ፣ ወለሉን እያየ። «እዚህ የተማርኩት ሌላ ነው። ሰው የሰማው ነገር ሁሉ የእሱ አይደለም።»

ከኋላ ያሉት ተያዩ፤ የገባቸው አይመስሉም። ጭምቷ ግን ገባት። ያውቃል። ተራዋ ሲጠራ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ የሳቀችም ያለቀሰችም ሳትመስል፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋው።

በማግስቱ መምህሯ ቢሯቸው አስጠሯት። ካንቺ በቀር ሁሉም ተናግሯል፣ ያንቺ አስተያየት ነው የቀረኝ አሏት። ጭምቷ እንደ ልማዷ ደህና ነው ልትል ነበር። የሴትየዋን ፊት ስታይ ግን ሌላ ነገር ከአፏ ወጣ።

«አስፈራኝ፣ መምህር። ልጅ የተነገረውን ያምናል ይላሉ። የተነገረው ውሸት ቢሆንስ?»

መምህሯ ለምን ጠየቅሽ አላሏትም። ወረቀታቸውን ገፋ አድርገው፣ ልጅ የተሳሳተ ቃል ሲማር አይጎዳም፣ በኋላ ያርመዋል አሉ። «የሚጎዳው፣ ትልልቆቹ ቃሉን ሲጠሩ ሲንቀጠቀጡ ካየ ነው። ያኔ ቃሉን ሳይሆን መንቀጥቀጡን ይማራል።»

ጆሮ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃት ነበር። እግሯ ሊሸሽ ቃጣው፤ ግን ወደ እሱ ሄደች።

«የሰማኸውን ምን አደረግከው?» አለችው።

«የዚያኑ ዕለት ቆርጬ ጣልኩት። አንቺ ካልነገርሽኝ አልሰማሁም።»

በሕይወቷ ለማንም ብላው የማታውቀውን ቃል እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ተማሪ በጎናቸው እየተጋፋ ሲያልፍ አለችው። «ሚጣ ልጄ ናት።» ድምፅዋ አልተሰበረም፤ እሷም ገረማት። የቀረውን እየቆራረጠች ነገረችው፤ ስለ ሰውየው፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ሰፈሩ።

አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ «ልዋሽሽ አልፈልግም» አላት፤ «እኔም ፈራሁ። ትንሽ ላስብበት።» ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ባልተንኳኳ ቁጥርም ይጨንቃታል። ነግሮባት ይሆን? ዞር ብሎም ላያያት ይሆን? ሚጣ ቁልፎቿን ደርድራ በሩን እያየች «ዮዮስ?» ትላለች፤ ጆሮን እንዲያ ነው የምትጠራው።

ቅዳሜ መጣ፣ መቅረጫ የለው፣ ባዶ እጁን። በሩን የከፈተችው እናቷ ነበረች፤ ከፍታም አላስገባችውም። መንገዱን ዘግታ ቆመች። ጭምቷ ከኋላዋ ሆና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ እናቷ ስትንቀጠቀጥ አይታ አታውቅም።

«ነግራሃለች» አለች እናቷ። «አውቄዋለሁ። ነገ ትጋባላችሁ፤ ከነገ ወዲያ ልጅቷን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እኔስ? እኔን ማን ብላ ልትጠራኝ ነው?»

ጭምቷ ያን ጊዜ ነው የገባት። ይህን ሁሉ ዓመት እናቷ የፈራችው የጎረቤት አፍ ይመስላት ነበር። ለካ እናቷም እንደ እሷው ሚጣን ነው የፈራችው፤ አንድ ቀን «እማ» የሚለውን ቃል አንስታ ለሌላ እንዳትሰጠው።

«እናቴ» አለ ጆሮ፣ ደፍ ላይ እንደቆመ፤ «እኔ ማንንም ልወስድ አልመጣሁም። ስፈራ ሰነበትኩ። ከሁሉ የበለጠ ያስፈራኝ ግን እዚህ ቤት ሳልገባ መቅረት ሆነ። ከፈቀዱልኝ ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

እናቷ አልተንቀሳቀሰችም። ጭምቷ ከኋላ አቅፋ ጉንጯን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።

«እማ አንቺ ነሽ» አለቻት። «አይወሰድብሽም። ስለ እኔ ግን እውነቱን ልንነግራት ነው፣ እማዬ። ምን ብላ እንደምትጠራኝ እሷ ትወቀው።»

እናቷ ከበሩ ዞር አለችና «ጫማህን አውልቅ» አለችው።

ለሚጣ ነገሯት፤ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ በልጅ ቃል። ሰምታ ስታበቃ ዳቦ ጠየቀች። እቴቴ ማለቷንም አልተወችም። ጭምቷና ጆሮ ሲጋቡና የጎን ክፍሏን ተከራይተው ሲገቡ እንኳ እቴቴ ነበረች። ሰፈሩ ሲያውቅ እንደተፈራው አወራ፤ ጥቂት ሰዎች ልብስ ማሰፋት ተዉ፤ ከወራት በኋላ ግን አብዛኞቹ ተመለሱ፣ እንደ እሷ አድርጎ ኮሌታ የሚሠራ አላገኙማ። ያን ጊዜም ጭምቷ በየሌሊቱ ስትባንን ጆሮ እጇን ይዞ፣ የፈራችውን አንድ በአንድ እስክትነግረው ይጠብቃታል።

ሚጣ ትምህርት ቤት የገባች ዕለት ሁሉም ሸኟት። የግቢው በር ላይ የቆመችው አስተማሪ ጎንበስ ብላ ከማን ጋር መጣሽ ብላ ጠየቀቻት። ዙሪያውን ወላጅ ሞልቶታል። ጆሮ የጭምቷን እጅ ፈልጎ ያዘ። እናቷ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች።

ሚጣ ዞር ብላ ሦስቱንም አየቻቸው። አልቸኮለችም፤ ቃሉን ስትፈልግ የነበረች ትመስላለች።

«ያቺ እማ ናት» አለች። «እሱ ዮዮ ነው። ይቺ ደግሞ…» ጣቷን ጭምቷ ላይ ቀሰረች፤ «ይቺ እናቴ ናት። ስሟ እቴቴ ነው።»

አስተማሪዋ ስቃ እጇን ይዛ አስገባቻት። ጭምቷ በሩ ከተዘጋም በኋላ እዚያው ቆማ ቀረች፤ ጆሮ እንሂድ አላላትም፣ እናቷም አላለችም።