የሽማግሌዎቹ ፒካፕ

ደገፋ ሽማግሌ በላከባት እሑድ ጠዋት አያንቱ ገና ፀጉሯን እየተሠራች ነበር፤ ስልኳ ጮኸ።

«ለቡ ላይ ቆመናል» አላት። «መኪናው አልነሳ አለ።»

አያንቱ ዓይኖቿን ጨፈነች። መካኒክ ናት። ከደገፋ ጋር የተዋወቁትም ከዓመት በፊት፣ ይህን ከአባቱ የቀረለትን አሮጌ ፒካፕ እሷ የምትሠራበት ጋራዥ ድረስ አስጎትቶ ባመጣው ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ካንዴላ ቀይራለታለች። በሁለተኛው ጊዜ፣ ጥፋቱ የካንዴላው እንዳልሆነ፣ የቤንዚኑን ትነት ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚወስደው በሽቦ የታሰረ ቱቦ እንደተሰነጠቀ በጣቷ አሳየችው። እሱ ግን ቱቦውን አላስነካም አለ። ሽታው ሲያስቸግረው መስኮት ከፍቶ ይነዳል። በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተኳርፈዋል።

አባቷ አቶ በንቲ ደገፋን «ዝርክርክ ነው» ብለው ሁለት ወር ሙሉ ሲያመነቱ ቆይተው ነው ሽማግሌ ይምጣ ያሉት። አሁን ሦስቱ ሽማግሌዎች አስፋልት ዳር ቆመዋል። ደገፋ የጠራቸው ሁለት ታክሲዎችም ሰርዘውበታል።

መፍቻዋን በፌስታል ጠቅልላ በጓሮ በር ወጣች። ባጃጅ ይዛ ከሀና ማርያም ለቡ እስክትደርስ በንዴት ከንፈሯን ስትነክስ ነበር።

ሽማግሌዎቹን ዝቅ ብላ ሰላም አለች። ወደ ደገፋ አልዞረችም። ኮፈኑን ከፈተች። ደገፋ ደጋግሞ ለማስነሳት ሲሞክር ካንዴላዎቹ በቤንዚን ርሰው ነበር፤ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረገቻቸው። ከዚያ ቱቦው የታሰረበትን ሽቦ በጠሰች፤ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጣ ጥላ ቀሪውን መልሳ ገጠመችው።

«አሳይቼህ ነበር» አለችው ቀና ሳትል።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን?»

ደገፋ መሬት መሬቱን አየ። «ያንን ሽቦ ያሰረው አባዬ ነው። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው። መፍታት አልቻልኩም።»

 አያንቱ ሽቦውን ከአስፋልቱ አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ሞተሩ ተነሳ። ቀጠሮው ግን ደርሷል። ደገፋ በዚህ ቀን የልጅቷ ደጃፍ መድረስ አይገባውም፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ነጋ ደግሞ ከዋናው መንገድ በእግር ሊሄዱ አይችሉም። ያመጣት ባጃጅ ሄዷል፤ ሌላ የሚነዳ ሰውም አልነበረም። አያንቱ መሪውን ያዘች፤ ደገፋ መንገድ ዳር ቀረ።

አቶ በንቲ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ልጃቸው ቢጫ ቀሚሷን ጥቁር ቅባት አስነክታ፣ ሽማግሌዎቹን ይዛ ወደ ግቢው ስትገባ አዩ።  ጋሽ ነጋ እንደ ወጉ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን…» ብለው ሲጀምሩ፣ አቶ በንቲ በእጃቸው አስቆሟቸው።

«ምኑን ትጠይቁኛላችሁ?» አሉ። «እሷው ይዛችሁ መጥታለች። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

አያንቱ ጓዳ ገብታ ደወለች።

«እሺ ብለዋል» አለችው።

 ሲያለቅስ ሰማችው። ጠዋቱን ሙሉ የምትለውን ስታሰላስል ነበር፤ አሁን ግን አንዱንም አላለችውም። ስልኩን ሳትዘጋ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች።