ሁለቱ ወንድማማቾችና ሳጥኑ

«… እናም ውድ አድማጮቻችን፣ ሁለቱ ወንድማማቾች አባታቸው በተወላቸው ሳጥን ተጣሉና በቡጢ ተቀጣቀጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳጥኑም ቦክስ፣ ቡጢውም ቦክስ ተብሎ ቀረ!»

የመዝገቤ እጅ የድምፅ ማጉያው ቁልፍ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ምን ወንድማማቾች? የምን ሳጥን? ጽሑፉን ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ ወረቀቱም እዚያው ጓደኛዋ ፊት ተዘርግቷል። የመጨረሻው መስመር «ቡጢ የሚለው ትርጉም ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም» ይላል። ጓደኛዋ ወረቀቱን ዞር ብላም አላየችው። ከንፈሯን ማይክራፎኑ ላይ ለጥፋ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ መድረክ ላይ እንደወጣ ዘፋኝ ትወዛወዛለች።

ክፍሏ ድሮ የጠመኔ መጋዘን ነበረች። አሁን የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማጉያ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የእንቁላል ካርቶን። በየሳምንቱ በእረፍት ሰዓት ከዚህች ክፍል አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጉሞቹና ከነአመጣጡ ለግቢው ይተላለፋል። መዝገቤ ትጽፋለች፣ ራዲዮ ታነባለች። የሁለቱም ስም ሌላ ነው፤ ግን አንደኛዋ መዝገበ ቃላት ከእጇ ስለማይጠፋ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ አፏ ስለማይዘጋ፣ ክፍሉ ባወጣላቸው ስም ካልሆነ በሌላ የሚጠራቸው የለም።

ማጉያው እንደጠፋ መዝገቤ ወረቀቱን አነሳች። «ይሄ ወንድማማቾች የምትይው የት ነው የተጻፈው?»

«"አይታወቅም" ብዬ ልጨርስ?» አለች ራዲዮ፣ የማይክራፎኑን ገመድ እየጠቀለለች። «ሰው ዳቦውን እየገመጠ "አይታወቅም" ሊሰማ ነው እንዴ የተቀመጠው? ታሪክ አማረው፣ ሰጠሁት።»

«ዋሸሽ እንጂ።»

«አሳመርሽው በያ!»

«ዛፉንም ዘለልሽው።»

«ውይ፣ ዛፍ! አቦ አታካብጂ።»

ዛፉ ለመዝገቤ ትልቅ ነገር ነበር። ሽፋኑ የተገነጠለውን የቤተ መጻሕፍቱን ወፍራም መዝገበ ቃላት ታቅፋ ነው የከረመችው። ቦክስ ዕቃ መያዣ ነው፤ ቲያትር ቤት ውስጥ ለብቻው የተከለለ መቀመጫ ነው፤ ቅጽ ላይ የራይት ምልክት የሚደረግበት አራት ማዕዘን ነው፤ ኳስ ሜዳ ላይ በረኛው ፊት ያለው ክልል ነው፤ ቡጢ ነው። ደግሞም እንጨቱ የጠነከረ አንድ አጭር ዛፍ ስሙ ቦክስ ነው። በጥንት ዘመን ትንንሽ ሙዳዮች ከዚያ እንጨት ይፈለፈሉ ስለነበር ዕቃውም በእንጨቱ ስም ተጠራ። የቡጢው ምንጭ ግን አይታወቅም። መዝገቤን ከሁሉ የማረካት ይኼኛው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃል ሲለቅሙ የኖሩ ሰዎች እዚህች ላይ ሲደርሱ፣ ሳያፍሩ፣ «አይታወቅም» ብለው ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ድፍረት በቅርቧ ካሉ ሰዎች በአንዱም ላይ አይታ አታውቅም።

ከክፍሏ ስትወጣ የታችኛው ክፍል ልጆች «ሳጥኔን መልስ!» እየተባባሉ ይቧቀሱ ነበር። አፏን አጣማ አለፈቻቸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህሩ እጁን ኪሱ ከቶ ክፍል ገባና፣ «የዛሬው ዝግጅት ግሩም ነበር» አለ። «የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ተምሬዋለሁ። ሰፊ ነው፤ እናንተ ያቀረባችሁት አጠር ተደርጎ ነው።»

ራዲዮ በጠረጴዛው ሥር የመዝገቤን እግር ረገጠች። ሳቋን ለመዋጥ ጉንጯ ተነፍቷል። መዝገቤ አልሳቀችም። መምህሩን አየችው፤ ከረባቱን፣ የተወለወለ ጫማውን፣ ጠዋት የተወለደን ውሸት ለከሰዓት ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ያስመረቀውን አፉን።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቅዳሜ ፎጣ ልታጥፍ እህቷ ወደምትሠራበት ፀጉር ቤት ስትሄድ፣ ታሪኩ ቀድሟት ደርሶ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጦ አገኘችው።

«ሁለት ጣውንቶች ነበሩ አሉ» ትላለች አንዲት ደንበኛ፣ ማድረቂያው ስለሚያደነቁራት እየጮኸች። «ባልየው ሲሞት በሳጥኑ ተጣሉ። ልጄ ናት ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው።»

«ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?» አለች እህቷ።

«ወርቅ ነዋ! ለባዶ ሳጥን ማን ይፈነካከታል?»

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች መዝገቤ፣ አፏን በፎጣው ሸፍና።

እህቷ ጆሮዋ አያልፈውም። ደንበኛዋ ከወጣች በኋላ፣ «እውነቱን ካወቅሽ ለምን አልነገርሻትም?» አለቻት።

«ለእሷ? በምን ዕዳዬ! ቢነገራትስ የት ልታደርገው?»

እህቷ መጥረጊያውን አቀበለቻት። «እንግዲያው ፀጉሩን ጥረጊ፣ ፕሮፌሰር።»

ሰኞ ጠዋት ነባሯ ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥታ ቆመች። ክፍሉን ስለምትደግም ነው ነባሯ የሚሏት። ኋላ ወንበር ላይ ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ ስታነብ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች ነው። የምታሳድጋት አክስቷ፣ ዘንድሮ ከወደቀች ከትምህርት ቤት አውጥታ ሱቋ ውስጥ እንደምታቆማት ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። አክስትየዋ ራሷ በወላጆች ስብሰባ ላይ ጮክ ብላ ተናግራዋለች።

«መዝገቤ፣ ያ የሳጥኑ ነገር የእውነት ነው?»

መዝገቤ ከመጽሐፏ ቀና አላለችም። «መዝገበ ቃላት አለልሽ። ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

ራዲዮ ከጎኗ ሳቋ ፈነዳ። ነባሯ «እችላለሁ» አለችና ወደ ቦታዋ ሄደች።

የዓመቱ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ፈተና ሲመጣ የመጨረሻው ጥያቄ፣ ቦክስ የሚለው ቃል ቡጢ የሚል ትርጉም እንዴት እንዳገኘ አብራሩ ይላል። መዝገቤ አንብባ ፈገግ አለች። ትክክለኛውን መልስ ታውቃለች፤ መምህሩ የሚፈልገውንም ታውቃለች። ለሚያለቅስ ሕፃን ከረሜላ እንደሚወረወር፣ ሁለቱን ወንድማማቾች ከነሳጥናቸው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፈችለት። እንዲያውም «ታላቅየው ግራኝ ነበር» የሚል ጨመረችበት። ይህንንም ይውጠው እንደሆነ ለማየት ያህል።

ዋጠው። ወረቀቱን በሚመልስበት ቀን፣ «ታላቅየው ግራኝ መሆኑን ሳይቀር የጠቀሰች ተማሪ አለች» አለ። «ጎበዝ! ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።» ከዚያ ሌላ ወረቀት በሁለት ጣቱ ጫፍ ከፍ አድርጎ ያዘ። «ይህቺኛዋ ደግሞ ምን አለች መሰላችሁ? "አይታወቅም!" ልጅት፣ አንቺ ስላላወቅሽው አይታወቅም ማለት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ራዲዮ ጠረጴዛ ደበደበች። ነባሯ ከኋላ ተነስታ መጣች፣ ወረቀቷን ተቀበለች፣ ቀዩን ቁጥር አየችው። በመዝገቤ አጠገብ ስታልፍ ቁጥሩ ለመዝገቤም ታያት። ለማለፍ የጎደላት የዚያች የአንዷ ጥያቄ ነጥብ ብቻ ነበር። ነባሯ ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች። አላለቀሰችም። ቢያንስ ብታለቅስ ኖሮ መዝገቤ እንደ ልማዷ ትንቃት ነበር።

በእረፍት ሰዓት መዝገቤ ነባሯን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ለምን ሰዉ የሚለውን አልጻፍሽም?»

«አንቺ ነሻ አንብቢ ያልሽኝ» አለች ነባሯ። «አነበብኩ። ያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ፊደሉ እንዴት ደቃቃ ነው! የምሳ ሰዓቴን በላብኝ። "አይታወቅም" ይላል። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተከራከርሽውም?»

«እኔ?» ነባሯ ሳቀች። «ደጋሚ ከቲቸር ጋር ስትከራከር አይተሽ ታውቂያለሽ? ከክፍልም ከትምህርት ቤትም ነው የምትባረረው።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ግራኙን የጨመርሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

መዝገቤ ደብተሯን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«እኔስ ፈልጌ ነው ያወቅሁት። አንቺ መጀመሪያም ታውቂው ነበር።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አስተያየቷን ግን መዝገቤ በደንብ ለየችው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ የማይቸኩል፣ «ምን ይጠበቃል ከእንዲህ ያለች» የሚል አስተያየት ነው። ስንቱን ሰው እንዲህ አይታለች፤ ወደ እሷ ዞሮ ግን አያውቅም ነበር። ፊቷ ጋለ። ደረጃውን ወረደች።

ራዲዮን ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ካርቶኑ ላይ ስሟን ስትጽፍ ደረሰችባት።

«ተነሺ፣ አብረን ሄደን ለቲቸር እንንገረው።»

«ምን ብለን? "ዩኒቨርሲቲ የተማርከውን እኛ ነን የፈጠርነው" ብለን? አብደሻል እንዴ! ዝግጅቱን ነው የሚዘጋብን።»

«ልጅቷ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ነው።»

«እና እኔ ነኝ የጣልኳት? ድሮም ወዳቂ ናት።» ራዲዮ ይህንንም ያለችው በዚያው ግቢው በሚወደው ለስላሳ ድምፅዋ ነው። «ባክሽ ፋራ አትሁኚ። ደግሞ መጀመሪያ ሙድ የያዝሽባት አንቺ አይደለሽ?»

እውነት ነው። መዝገቤ ይህንን የሚያስተባብል ቃል ፈለገች፤ ያን ሁሉ ቃል የምታውቀው ልጅ አንድም አጣች።

«ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች።

«ሂጃ! ስሜ ከተነሳ ግን ከዚህ በኋላ አላውቅሽም።»

መዝገቤ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ዞራ፣ ወፍራሙን መዝገበ ቃላት በብብቷ ይዛ መምህራን ክፍል ደረሰች። ክፍሉ በአስተማሪዎች ሞልቷል። የእንግሊዝኛ መምህሩ መሀል ተቀምጦ የሻይ ብርጭቆውን እያዟዟረ ያወራል። «ታላቅየው ግራኝ ነበር እንግዲህ» ይላል። የሒሳብ አስተማሪዋ አገጯን ደግፋ ታዳምጠዋለች።

መዝገቤ በሩ ላይ ቆመች። «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ይህን ያስተማረዎት?» የሚል ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። በልኩ የተሰፋ ጥያቄ ነበር። የሒሳብ አስተማሪዋ ትስቃለች፤ ሌሎቹም ይከተላሉ፤ ደወሉ ሳይደወል ወሬው ግቢውን ያዳርሳል። እሱ ደግሞ ይህን የመሰለ ውርደት ይገባዋል። ከዚህም የባሰ ይገባዋል! ግን ሰው ፊት ያዋረዱት አስተማሪ ለማንም ነጥብ አይጨምርም። ነባሯም ሱቅ ትገባለች።

ጥያቄውን ዋጠችው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ አንዴ ውጪ ላነጋግርዎት?»

መምህሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። መዝገቤ በሩን ከኋላው ዘጋች።

«የሳጥኑ ታሪክ ስህተት ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጽሑፉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሲነበብ ያልነበረበት ነገር ገባ። እኛ ነን ያሳሳትንዎት።» መጽሐፉን ገልጣ ቦታውን በጣቷ አሳየችው።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ተመልሶ ከላይ ጀመረው። ጆሮው ቀላ። ወደ ተዘጋው በር ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ።

«እኔም ትንሽ … ተጠራጥሬ ነበር» አለ።

መዝገቤ ዐይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ቀና ካለች እንደምትስቅ አውቃለች። «አዎ ቲቸር» አለች።

«የልጅቷ ይስተካከላል። ወረቀቷን ይዛ ትምጣ።» ወደ በሩ ከዞረ በኋላ አንድ ነገር እንደታወሰው ሁሉ ቆመ። «አንቺ ግን ሙሉ ነው የሰጠሁሽ መሰለኝ።»

መልሱን ጠብቆ አልነበረም፤ እጁ የበሩ እጀታ ላይ ነው። ዝም ብትል ገብቶ ሻዩን ይጠጣ ነበር። መዝገቤ መዝገበ ቃላቱን ወደ ሌላኛው ብብቷ አዛወረች፤ ከደብተሯ መሀል የራሷን የፈተና ወረቀት አውጥታ ዘረጋችለት።

«ቀይ እስክሪብቶ ይዘዋል?» አለች።