ብቻውን የለመለመው ግንድ

ሟቹ በመስታወት ቤቱ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል፤ የተመታበት ዕቃ ግን የለም። መርማሪዋ ስትደርስ አትክልተኛው በካቴና ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል» አለ ፖሊሱ።

«ጋሼ ሲቆጡኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው እንዴ?» አለ አትክልተኛው። «በቁጣ ሰው የሚገደል ቢሆን ስንት ጊዜ በገደልኳቸው!»

መርማሪዋ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። የግንድ ቁራጮች ተሰቅለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ቅጠል የሌለው ትንሽ ኦርኪድ የሚባል ተክል ሥሩን እንደ ሸረሪት እግር ዘርግቶ ተጣብቋል።

«ምነው አመድ መሰሉ?»

«አበባ እንዲቋጥሩ ጠብታ ውሃ አይንካቸው ብለዋል ጋሼ» አለ አትክልተኛው።

የሟቹ ሚስት እንባዋ አላናግር ብሏታል። ታናሽ ወንድሙ ግን አፉ አልተያዘም።

«እኔ ሳሎን ነበርኩ። እዚህ ምን ልሠራ እመጣለሁ? ቅጠል የለው፣ አበባ የለው! ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰው ማገዶ ሲሰቅል ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ግድግዳው ሥር ሰበሰበቻቸው። አንዱ ግንድ ላይ ውሃ ረጨች። አመድ የመሰለው ሥር ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆኖ ለመለመ።

«አሁን ከጥግ ያለውን እዩ። እኔ ሳልነካው ለምልሟል። ውሃ በተከለከለበት ቤት አንዱን ብቻ ማን ያጥበዋል? ደሙን ማጥፋት የፈለገ። አትክልተኛውና ሚስትየዋ ሥሩ ውሃ ሲነካው እንደሚያሳብቅ ያውቃሉ፤ እነሱ ቢሆኑ ሁሉንም ያረጥቡት ነበር። የመታበትን ግንድ አጥቦ የሰቀለው ማገዶ ብቻ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ነው።»

ግንዱን አውርዳ በሥሮቹ መሃል ነጭ ጨርቅ አስገባች። ጨርቁ ቀላ። የአትክልተኛውንም ካቴና አስፈታች።

ታናሽየው ፊቱ ጠቆረ።

«እናታችን ስታጣጥር አንድ ቀን ደጇን አልረገጠም! እኔ ሳገላብጣት እሱ ከእንጨት ጋር ያወራል። ዛሬ ለምን ብዬ ብጠይቀው ዝም አለኝ፤ ጀርባውን ሰጠኝ!»

ሚስትየዋ አሁን ተናገረች።

«ዝም ያለው እናታችሁ አስምላው ነው። ‹አንጀትህ አይችልም፣ ስቃዬን አትይ፣ ለወንድምህም እንዳትነግር› ብላ። ላንተ ሳይሆን ለእሱ ሳሳች ብለህ እንዳትከፋ።»

«ለእኔስ?» አለ ታናሽየው እጁን ለፖሊሱ እየዘረጋ። «ለእኔስ አልሳሳችም?»

ፖሊሱ ከአትክልተኛው የወለቀውን ካቴና አጠለቀለት።