ኔትወርክ ያለበት ድንጋይ

«ጦጢት፣ ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ። ከተማ አሰነፈሽ መሰለኝ» አለ አባቷ ከዳገቱ ላይ ሆኖ።

ጦጢት የምትመልስበት ትንፋሽ አልነበራትም። በዘንድሮው የትምህርት ቤት ዕረፍት ከእናቷ ጋር ወደዚህ ሩቅ የተራራ ፓርክ የመጡት አባቷን ብለው ነው። እሱ የፓርኩ ጠባቂ ነው፤ ቤት የሚመጣው በስንት ጊዜ አንዴ። ዕረፍቱስ ምን ይወጣለታል? መኪና የለ፣ ጩኸት የለ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስካረፉባት ጎጆ ደጃፍ ይመጣል። እናቷ እንኳ፣ ያቺ እንቅልፍ ጠላቷ፣ ፀሐይ እስኪሞቅ ትተኛለች። ዛሬ ከሰዓት ግን ይመለሳሉ።

አባቷን አለቃው ከተማ ቢሮ ውስጥ ሥራ ልስጥህ ብሎታል፤ መልሱን የሚፈልገው ዛሬ ነው። እሺ ካለ ማታ ማታ እቤት ሊሆን ነው። ጦጢት ይህን ከሰማች ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። እናቷ ደግሞ ጠዋት ዕቃ ሲሸክፉ አስጠንቅቃታለች፤ «እንዳታስጨንቂው፣ እሺ? እዚህ እንዴት እንደሚስቅ አይተሻል።»

አይታለች። ጭንቋም እሱው ነው። ቤት ሲመጣ በረንዳ ላይ ቆሞ የጎረቤት ግድግዳ ሲያይ የሚውለው ሰው፣ እዚህ ሲያፏጭ ነው የሚውለው።

«ደረስን» አለና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ኔትወርክ ያለው እዚህች ላይ ብቻ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ካልሽ ጠፋ። የምደውልልሽ እዚህ ሆኜ ነው።»

«ሁልጊዜ? ሲዘንብም?»

«ሲዘንብማ ዣንጥላ ይዤ ነዋ። ምን ላድርግ፣ ድምፅሽን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ጦጢት ዞር ብላ የወጡትን ዳገት አየችው። እሱ ይህን ሁሉ ወጥቶ «እንዴት ነሽ?» ሲላት፣ እሷ ድምፅዋ ሳይሰበር ቶሎ ብላ «ደህና ነኝ፣ እማዬን ላገናኝህ» ትለዋለች። ስልኩን ታቀብልና መታጠቢያ ቤት ገብታ ለቅሶዋ እንዳይሰማ ቧንቧ ትከፍታለች። ለካ ለዚያች ለሁለት ቃል ነበር እዚህ ድረስ የሚመጣው።

አባቷ ስልኩን አወጣ። «በይ እንግዲህ፣ ለአለቃዬ ልደውልለት ነው። እናንተ እዚያ ደህና ናችሁ አይደል? ደህና ከሆናችሁ እዚሁ እቀጥላለሁ።»

የለመደችው መልስ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«እኔ ደህና አይደለሁም፣ አባዬ» አለች። «ትናፍቀኛለህ። በጣም። ደህና ነኝ የምልህ ውሸቴን ነው።»

አባቷ ስልኩን ኪሱ ከተተውና ፈቀቅ ብሎ ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀላት።

«ነይ እስቲ» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ቁጭ በይና ሁሉንም ንገሪኝ። አለቃዬ ይጠብቃል።»

ጦጢት አጠገቡ ተቀመጠች። ከቧንቧው ጀመረችለት።