ቲቸር ሳትሰማ

ስልኩ ሲጮህ ቲቸር ጸጉሯን እየታጠበች ነበር። «ጩጬ፣ አንሺልኝ፤ እጄ ሳሙና ነው» አለች ከመታጠቢያ ቤት።

«መልእክቷን አይቼ ነው የደወልኩት» አሉ አንዲት ሴት። «ልትሄድበት ያሰበችው ትምህርት ቤት እኔም እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ።»

ጩጬ ስልኩን ይዛ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ራቅ አለች። ቲቸር ታላቅ እህቷ ናት። ከባሕር ማዶ «ነይ አስተምሪልን» ተብላ ውል ተልኮላታል። ግን የዋዛ አይደለችም፤ «እዚያ የሠራ ሰው ሳላናግር አልፈርምም። እስከ ነገ ካልተገኘ ይቅርብኝ» ብላለች። በየቦታው «የሚያውቅ ካለ ይደውልልኝ» የሚል መልእክት ብትልክም እስካሁን አንድም ሰው አልተገኘም፤ ጩጬም በሆዷ ደስ ብሏት ሰንብታለች። እንዴት ደስ አይላት? አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት። ቲቸር ብርድ ልብሱን ትጎትታለች፣ በእንቅልፏ ተማሪ ትቆጣለች፤ ጩጬ እየተነጫነጨች ትወደዋለች።

«እህቷ ነኝ፤ ጸጉሯን እየታጠበች ነው። እኔ ልጠይቅዎት?» አለች። ጥያቄዎቹን እናቷና ቲቸር ሲጨቃጨቁባቸው ሰምታ በቃሏ ይዛቸዋለች። የፈለገችው አንዲት መጥፎ መልስ ብቻ ነው።

«ፓስፖርት ይይዙባችኋል?»

«ኧረ የለም። ኮፒ አድርገው እዚያው ይመልሳሉ።»

«ቪዛውስ? የጉብኝት ነው?»

«የሥራ ነው። በጉብኝት ቪዛ ነይና አስተምሪ የሚላት ካለ እንዳትሰማው።»

«ቤቱስ?»

«ጠባብ ነው። ቁልፉ ግን በእጇ ነው።»

«ብትታመምስ?»

«ያሳክማሉ። እኔን ትርፍ አንጀት ይዞኝ ዳይሬክተሯ ናት ያስታመመችኝ።»

ጩጬ በገነች። ሰው እንዴት አንድ እንከን ያጣል? «ታዲያ ለምን ተመለሱ?» አለች፣ አሁንስ ያዝኳቸው ብላ።

«ውሌ አለቀ፤ ናፍቆቱም በቃኝ» አሉ ሴትዮዋ። «እሱን ውል ላይ አይጽፉትም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደውልልኝ ወንድሜ ባይኖር ገና ድሮ እመለስ ነበር። እህትሽ እንዲህ ያለ ሰው አላት?»

ጩጬ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዞር ብላ አየች። «አላት መሰለኝ» ብላ አመስግና ዘጋችው።

«ማን ነው?» አለች ቲቸር።

«ቁጥር ተሳስተው ነው» አለች ጩጬ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«እሺ፣ ነይ ውሃ አፍስሺልኝ።»

ጩጬ ጣሳውን አነሳች። ቲቸር አንገቷን እንደደፋች «በቃ፣ ነገ ይቅርብኝ እላቸዋለሁ» አለች። «እንኳንም ቀረ። ያለእኔ ብርድ ልብሱን ማን ይጎትትብሻል?» ልትስቅ ሞከረች፤ ድምፅዋ ግን አልተከተላትም።

ጩጬ ሳሙናው እስኪለቅ ቀስ ብላ አፈሰሰችላት። ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና የመጨረሻውን ቁጥር መልሳ ደወለች።

«ቁልፉ በእጅሽ ይሆናል ብለዋል» አለች።

«የምኑ ቁልፍ? ማነው ያለው?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የምደውልልሽ እኔ ነኝ» አለችና ስልኩን እርጥብ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችላት።